ካርዱ የት ይቀመጣል?

ይሻው ሱቁን «ድርጅቴ» ነው የሚለው። ድርጅቱ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ያለች፣ ስልክ የሚጠገንባትና ፎቶ ኮፒ የሚነሳባት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሥራ አስኪያጁም፣ ባለሙያውም፣ ጠራጊውም እሱው ነው። ቢሆንም «ስልክ ጠጋኙ» ብላችሁ ብትጠሩት ይቀየማል። «ሰባት ቤት» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ የሠራው እሱ ነዋ።

በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይወጣና መገናኛ ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ድሮ ይህን የሚያውቁ ሽማግሎች ነበሩ። አሁን ግን አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ደግሞ ድግሱ እንዳይቀርበት እያየ እንዳላየ ያልፋል። ይሻው ይህን አየና ቆጠራውን ለስልክ ሰጠው። የወንዱንም የሴቷንም ወላጆችና አያቶች ስም እስከ ሰባት ቤት ታስገባላችሁ፣ እሱ ይቆጥርና ወይ «ዝምድና አልተገኘም» ወይ «በአምስተኛው ቤት ትገናኛላችሁ» ይላችኋል። ከእብናት እስከ አንበሳሜ ልጅ ለመዳር ያሰበ ሁሉ ስልኩ ላይ ጫነው። ይሻውም አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ነበር፦ «የሚያስገቡት ስም ከስልክዎ አይወጣም። ሲያጠፉት ይጠፋል።» ሲጽፈው እውነት ነበር። ኋላ ግን ሰዎች ስልካቸው ተሰርቆ፣ ውሃ ውስጥ ወድቆ፣ «የአባቶቼ ስም አብሮ ሄደብኝ» እያሉ ሱቁ ድረስ መጡ። ስለዚህ ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት በተመለሰ ሰሞን የሁሉንም ሰው መረጃ ወደ አንድ ሩቅ ኮምፒውተር፣ ባለሙያዎቹ ሰርቨር ወደሚሉት፣ እንዲገለበጥ አደረገ። «አጥፋ» የሚለውን ሲጫኑም ስሙ ከዓይናቸው ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ነገ «ተሳስቼ ነው ያጠፋሁት» ብለው መምጣታቸው አይቀርማ። ደግነት ነው ብሎ ነው ያደረገው። ደግነቱን ግን ለማንም አልተናገረም። የመጀመሪያውን ገጽ «ነገ እቀይረዋለሁ» አለ፤ ነገም ሌላ ሥራ መጣ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ፣ አራት ወር ሞላ።

ወይዘሮ ውዴ የመጡት በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ነው። ወይዘሮ ውዴን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። የስንቱ ሰው በሽታ በእጃቸው አልፏል፣ ከአፋቸው ግን የአንዱም አልወጣም። ይህን ከይሻው የበለጠ የሚያውቅ የለም። እናቱን የገደላት በሽታ በዚያ ዘመን ስሙ ሲነሳ ሰው የውሃ መጠጫ የሚለይበት በሽታ ነበር። ወይዘሮ ውዴ ካርዷን ከሌላው ጋር አልደረደሩትም። በሚቆለፍ መሳቢያ አኖሩት፤ መድኃኒቷንም በነጠላቸው ሸፍነው ራሳቸው ያመጡላት ነበር። ጎረቤቱ እስከ ዛሬ በሳንባ ምች እንደሞተች ነው የሚያውቀው። ይሻው ይህን ከእናቱ አፍ የሰማው ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ነው።

«ያን ሰው የሚያወራለትን ነገር ጫንልኝ» አሉት ወይዘሮ ውዴ፣ ልጃቸው ትዝታ የገዛችላቸውን ስልክ ከመሐረብ ፈትተው። ትዝታ አስተማሪ ናት። ሽማግሌ ተልኮላት የልጁን ዘር ቆጥረው ሄደዋል፤ የእሺታው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ይሻው ጫነላቸው። ስልኩን ተቀብለው ግን አልሄዱም።

«ካርዱ የት ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁት።

«የምን ካርድ እትዬ ውዴ?»

«የምጽፈው ነዋ። የሚጻፍ ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ማን ነው የሚይዘው?»

በሩ ላይ ሦስት ሰው ቆሟል፤ አንዱ ባትሪ ይፈልጋል፣ ሁለቱ ፎቶ ኮፒ። ስለ ሰርቨር ማስረዳት ረጅም ነው። ደግሞም፣ ይሻው ኋላ ሲያስበው ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይሄ ነው፣ «እትዬ ውዴ ደግሞ ምን ምስጢር ይኖራቸዋል» ብሎ አሰበ።

«እዚያው ስልክዎ ውስጥ ነው» አላቸው። «ከዚያ አይወጣም።»

«ሳጠፋውስ?»

«ይጠፋል።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉና ስልኩን መልሰው ቋጥረው ሄዱ።

ፋሲካ አለፈ። ይሻው በበዓሉ ሰሞን አዲስ ነገር ሠራ። መተግበሪያው ሰባት ቤት ከመቁጠር አልፎ የአንዱን ሰው ዘር ከሌላው ጋር እያስተያየ የጠፋ ዘመድ እንዲያገናኝ አደረገው። ሁለት ሰዎች አንድ አባት ወይም አንድ አያት ካስገቡ፣ «አዲስ ዘመድ ተገኝቶልዎታል» የሚል መልእክት ከነስሙ፣ ከነእናቱ ስምና ከነከተማው ይደርሳል። ማንንም «ልፈልግልህ ወይ» ብሎ አልጠየቀም። ዘመድ የሚጠላ ማን አለ ብሎ ነው።

በሳምንቱ ረቡዕ፣ ሰዎች ስለ መተግበሪያው የሚጽፉትን አስተያየት ሊያነብ ተቀመጠ። ምስጋና ይወዳል፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርሱ በፊት የሚያነበው እሱን ነው። ደረጄ የሚባል የእብናት ሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ይህን የሠራውን እግዚአብሔር ይባርከው። አባቴን ዓምና ቀበርሁ። ወንድምም እህትም የለኝም፣ ብቻዬን ቀረሁ ብዬ ነበር። ትናንት በአባቴ በኩል እህት እንዳለችኝ ነገረኝ። ደብረ ታቦር ናት።»

ይሻው ደስ አለው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ለጓደኞቹ ሊያሳየው ፎቶ አነሳው። ከዚያ ያች እህት ማን ትሆን ብሎ፣ ማንም ሳያዘው፣ የሰው ስም የተከማቸበትን ኮምፒውተር ከፈተና ፈለገ።

«ስም፦ ትዝታ። እናት፦ ውዴ። አባት፦ ዳኛቸው።»

አገር እንደሚያውቀው ትዝታ የካሳው ልጅ ናት። የወይዘሮ ውዴ ባል አቶ ካሳው ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ክርስትና ያስነሷት፣ ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ ስሟን የሰጧት እሳቸው ናቸው። ዳኛቸው ደግሞ የደረጄ አባት ነው፣ የእብናቱ እህል ነጋዴ። ይሻው ወደ ታች ወረደ። ወይዘሮ ውዴ መጀመሪያ «ካሳው» ብለው ጽፈው ነበር። ሰርዘውታል። ለሁለት ቀን ምንም አልነኩም። ከዚያ «ዳኛቸው» ብለው ጻፉ፤ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ እስከ ላይ። አማቻቸው ሊሆን የተዘጋጀውም ልጅ የእብናት ነው። ሁሉም ነገር ገባው። ሽማግሎቹ የሚቆጥሩት የካሳውን ዘር ነው፤ የእናት ልብ ግን እውነተኛው ዘር ካልተቆጠረ አያርፍም፣ ልጅቷ ሳታውቅ የሥጋ ዘመዷን ልታገባ ትችላለች። ለማንም ጮክ ብለው ሊናገሩት የማይችሉትን ነገር ለስልኩ ነገሩት። ስልኩም «ዝምድና አልተገኘም» አላቸው። እሳቸው ወዲያውኑ «አጥፋ» የሚለውን ተጫኑ። አልጠፋም። አዲሱ ዘመድ አገናኝም ሲፈልግ የጠፋውን ካልጠፋው አልለየም፤ ለይ ብሎ ያዘዘው የለማ። ስሙ ከእሳቸው ስልክ ስለተሰወረ መልእክቱ የደረሰው ለደረጄ ብቻ ነው።

በሩን ዘግቶ ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠ። እፍረት ቀስ እያለ የሚመጣ ይመስለው ነበር፤ ይሄኛው ግን ገና ሲቀመጥ አብሮት ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያደረገው የሚያገናኘውን ነገር መዝጋት ነበር። ቀጥሎ የወይዘሮ ውዴን ስም ከሩቁ ኮምፒውተር አጠፋ፣ በእውነት አጠፋ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቶ «የሚያስገቡት ስም በእኛ ዘንድ ይቀመጣል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ የዓምናን ቀን አደረገበት፤ ገና ድሮ የተናገረ እንዲመስል። ጽፎ ሲያበቃ አየው። ሌባ እንኳ የሰረቀበትን ቀን አይቀይርም። ቀኑን ወደ ዛሬ መለሰውና፣ ደረጄ ሲመዘገብ ባስገባው ቁጥር ደወለለት።

«ሰባት ቤትን የሠራሁት ነኝ» አለው።

«አንተ ነህ ወንድሜ? እግዜር ይስጥህ፣ በምን ልክፈልህ።»

«አይ፣ ምናልባት ኮምፒውተሩ ተሳስቶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«አልተሳሳተም» አለ ደረጄ። «አባቴ ሊሞት ሲል ‹ደብረ ታቦር አንዲት ልጅ አለችኝ› ብሎኛል። ስሟን ሳይነግረኝ አፉ ተያዘ። ዓመት ሙሉ ያች ልጅ ማን ትሆን እያልሁ ስባዝን ነበር። የእናቷን ስም ለዘመዴ ብነግረው፣ ‹ውዴ ካርድ ክፍል የነበሩት ናቸው፣ ማን የማያውቃቸው አለ› አለኝ። ቅዳሜ በግ ይዤ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ የእሺታው ቀን ነው። ይሻው ይህን ያውቃል።

«ቅዳሜ አትምጣ።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ቢነግረው ሌላ ምስጢር ማውጣቱ ነው። የሰውን ጓዳ ለአገር ከፍቶ ሲያበቃ አሁን ዘበኛ መሆን አማረው።

«ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብሎ ዘጋው። ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም።

ሐሙስን በሙሉ የሚናገረውን ሲያጠና ዋለ። ዓርብ ወይዘሮ ውዴ ቤት ሄደ። ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ድፎ የሚያወጣው፣ አግዳሚ የሚያመጣው። ትዝታ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ወይዘሮ ውዴ ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ይሄ የጓደኛዬ ልጅ ነው፣ እንደ ልጄ ነው» ብለው ለሴቶቹ አሳዩት። «እንዲህ ያለ አዋቂ አገራችን አበቀለች።» ሃምሳው ስላልወጣ ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም፤ ቅንጥብጣቢ ወጥ ቀረበለት። ከጎኑ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ የጫንህልኝ ነገር ከትከሻዬ ትልቅ ሸክም አወረደልኝ። ለምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅም» አለ ይሻው።

ይሄኔ ነበር መናገር። ግቢው ውስጥ ሰው አለ ብሎ ተወው። ቀስ ብሎ «እትዬ ውዴ፣ ለአንድ አፍታ ወደ ጓዳ እንግባ» ቢል ይበቃ ነበር። አላለም። የጎረሱለትን ጎረሰ፣ የቀዱለትን ጠጣ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ወጣ። በመንገድ ላይ ለራሱ «ደረጄን ነገ መናኸሪያ ጠብቄ እመልሰዋለሁ» አለው። ፈሪ ሰው ምንጊዜም ነገ የሚሠራው ጀግንነት አያጣም።

ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆመ። ከእብናት የመጣውን መኪና ሁሉ ፈተሸ። በግ የያዘ ብዙ ነው፣ የገበያ ቀን ነው፤ «ደረጄ ነህ?» ያለው ሁሉ «አይደለሁም» አለው። አራት ሰዓት ሲሆን ወደ ወይዘሮ ውዴ ቤት ሮጠ።

በሩ ላይ ነጭ በግ ታስሯል።

ደረጄ ዓርብ ማታ ገብቶ ዘመዱ ቤት አድሯል። ይሻው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በተከፈተው በር አየ። ሽማግሎቹ ነጭ ለብሰው በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው ትዝታን አቅፎ ያለቅሳል፤ እሷ እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ማን እንዳቀፋት ሳታውቅ፣ እናቷን ታያለች። ወይዘሮ ውዴ የያዙትን የወጥ ጻሕል አላስቀመጡትም። ቆመዋል። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ፣ ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። «እንግዲህ፣ ቆየት ብለን እንመለሳለን» ሲሉ ተሰማ። እንደማይመለሱ ከአነሳሳቸው ያስታውቃል።

ይሻው አልገባም። ሽማግሎቹ ሲወጡ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ ሽንት የሚሸና ሰው መሰለ። ዕድሜ ልኩን የማይረሳው ይሄን ነው።

ሰኞ ሱቁን ሲከፍት እናትና ልጅ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ወይዘሮ ውዴ በሁለት ቀን ውስጥ ከስተዋል። ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ለብሰዋል፤ ሲገቡም ይሻውን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያዩት። ስልኩን ከመሐረቡ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«አንተ ይሻው፣ ምን ነክቼ ነው?» አሉት። «አትሳቅብኝ። ቆጠርሁ፣ አይገናኙም አለኝ፣ አጠፋሁት። ‹ጠፍቷል› ሲለኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ ስልኩን ስወለውል ጣቴ አንድ ነገር ተጭኖ መሆን አለበት። የትኛውን እንደሆነ አሳየኝ። ሥራህንም አበላሽቼብህ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

«ምን ያደርግልሻል አሁን?» አለች ትዝታ። ዓይኗ አባብጧል። «ሃያ አራት ዓመት ለእኔ ያልነገርሽኝን ለስልክ ነገርሽው። ሳትችይበት ለምን ነካካሽው?»

ወይዘሮ ውዴ አንገታቸውን ደፉ። «ልክ ነሽ» አሉ። «የእኔ ጣት ነው።»

እሱ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይሻው ይህን ተረድቷል። አንዲት ቁልፍ አሳይቶ «ይቺን ነው የነኩት» ቢላቸው አመስግነውት ይወጣሉ፣ ከተማውም የእሳቸውን ጣት ሲያማ ይኖራል። አፉ እንኳ ሊከፈት ዳድቶ ነበር። እነዚያን ጣቶች አያቸው፤ ሠላሳ ዓመት ካርድ ሲያገላብጡ ጫፋቸው የለሰለሰ ጣቶች ናቸው።

«አንቱ ምንም አልነኩም» አለ። «ከስልክዎ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሲያጠፉትም አልጠፋም፣ ደብቄ አስቀምጬዋለሁ። የሁሉንም ሰው አስቀምጫለሁ። ኋላ ዘመድ አገናኛለሁ ብዬ የበተንሁትም እኔ ነኝ።»

ትዝታ ቀና አለች። ወይዘሮ ውዴ ሲናገሩ ግን ድምፃቸው የካርድ ክፍሉ ድምፅ ነበር፤ ስምና ዕድሜ የሚጠይቁበት።

«መቼ አወቅህ?»

«ረቡዕ።»

«ዓርብ ቤቴ መጥተህ በልተሃል።»

«አዎ።»

«ያን ቀን፣ ካርዱ የት ይቀመጣል ብዬ ስጠይቅህ፣ ያን ጊዜ ከስልኬ የሚወጣ ነበር?»

ይሻው ወደ በሩ አየ። በር ላይ ማንም የለም፤ የሚያጣድፈው ባለጉዳይ አልመጣለትም።

«የሚወጣ ነበር» አለ። «አራት ወር አልፎት ነበር። አውቅ ነበር።»

ወይዘሮ ውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደደ።

«ብትነግረኝ እኮ በጣቴ እቆጥረው ነበር» አሉ።

ይሄን ሲሰማ ይሻው ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ሁሉንም እንደሚያጠፋ፣ መተግበሪያውን እንደሚዘጋ፣ ሽማግሎቹ ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ እንደሚወድቅ ሊነግራቸው ነበር። አንዱም አልወጣ አለው። ይልቅ እንደ ልጅ እንባው መጣና ያልታሰበ ነገር ተናገረ።

«አንቱ የእናቴን ካርድ…» ብሎ ጀመረ። «በመሳቢያ ቆልፈው…»

ወይዘሮ ውዴ እጃቸውን ቶሎ አነሱ። ትዝታን አዩ፣ ክፍት የሆነውን በር አዩ። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያ ሠላሳ ዓመት የለመዱት ድምፅ ነው።

«እሱን አታንሳ» አሉት። «የአንተ አይደለም። የእሷ ነው።»

«የማን?» አለች ትዝታ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም» አሉ ወይዘሮ ውዴ። መሐረባቸውን አጣጥፈው ያዙና የልጃቸውን ክንድ ተደግፈው ወጡ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ ትተውት ሄዱ።